የኦቦ ተሬፋ አሥር ሺህ እንግዶች

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ገና ላልተጠራ እንግዳ መቀመጫ ያንሳል ብሎ የሚጨነቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አምቦ ውስጥ፣ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል፣ ይህ ማዕረግ ያለ ተወዳዳሪ የክቡር ኦቦ ተሬፋ ነበር። ለሠርጋቸው ዳስ ሲያስጥሉ «የደንዲ ወረዳ በሙሉ ቢመጣስ?» ብለው ከማስፋታቸው የተነሳ፣ ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን ፍለጋ ዳሱ ውስጥ ተጠራርተዋል ይባላል።

መምህርት ለንሳ ከእሳቸው ጋር የተመደበችው ተማሪዎች ውጤታቸውን በኢንተርኔት የሚያዩበትን ገጽ እንዲሠሩ ነው። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ እንዲሆን ተስማሙ። የቀረው ፍሬምወርኩን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ዝግጁ አጽም፣ መምረጥ ብቻ ነበር። ብቻ!

ኦቦ ተሬፋ አንዱን ይጭናሉ፣ ፍጥነቱን ይለካሉ፣ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ይሄ ሚሞሪ ይበላል።» ሌላ ያመጣሉ። «ይሄ ደግሞ እስኪነሳ ያዛጋል።» ለንሳ «ኦቦ ተሬፋ፣ ተማሪዎቻችን እኮ አንድ አዳራሽ አይሞሉም» ስትላቸው መነጽራቸውን ወልውለው፣ «አሥር ሺህ ሰው በአንዴ ቢገባስ?» ይላሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልኬቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ለንሳን ያንገበገባት ሌላ ነው። አምና ክረምት አያንቱ የምትባል ተማሪዋ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ውጤት ለማየት ከጎጆ ከተማ በዚያ ጭቃ መጥታ፣ ገና አልወጣም ተብላ እስከ ጉልበቷ እንደራሰች ተመልሳለች። ለንሳም «ዘንድሮ እዚያው ሆነሽ ታያለሽ» ብላ ቃል ገብታላታለች።

ግንቦት ሲያልቅ ትዕግሥቷም አለቀ።

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ተሬፋ! ያቺን ልጅ እንደገና ጭቃ ውስጥ አይክተቱብኝ!»

ኦቦ ተሬፋ አፈሩ። በዚያው ቀን ፈጣን ነው ያሉትን መረጡ፤ ገጹም ለሐምሌ ደረሰ።

ውጤት የወጣ ዕለት የቢሮው ስልክ ጮኸ። አያንቱ ናት፣ ከጎጆ ኢንተርኔት ቤት።

«ቲቸር፣ ሐይቅ ብቻ ነው የሚታየኝ። እሱም ግማሹ።»

ኦቦ ተሬፋ ክው አሉ። የሐሮ ወንጪ ልጅ ናቸው፤ የትውልድ ሐይቃቸውን ግዙፍ ፎቶ ገጹ አናት ላይ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ልኬት ሲለኩ የከረሙት ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አጠገብ ተቀምጠው ነው፤ ፎቶው በጎጆ ቀጭን መስመር እንዴት እንደሚጎተት አልታያቸውም። ወዲያው አነሱት። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ውስጥ «አለፍኩ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ለንሳ ልትስቅባቸው ነበር። ግን ሐይቁ የነበረበትን ባዶ ቦታ ትክ ብለው ሲያዩ አንጀቷን በሉት። ምሳ ሲወጡ ጠብቃ ፎቶውን አሳነሰችና የአውራ ጣት ጥፍር አሳክላ ጥግ ላይ መለሰችው።

ተመልሰው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሥር ሺህ ሰው በአንዴ ቢያየውስ?»

«ይየው» አለች ለንሳ። «ይየው፣ ኦቦ ተሬፋ።»