ሊቀ ጥርስ የተሸነፉበት ዳገት

ብስክሌት ያለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ሊቀ ጥርስ አያጣም። ውኃ የጠፋበት ሰፈር አይቻለሁ፤ መብራት የራቀውም አይቻለሁ። ብስክሌት ባዩ ቁጥር ለባለቤቱ ሰላምታ ሳይሰጡ ጎንበስ ብለው የኋላውን ማርሽ ጥርስ የሚቆጥሩ ሰው የሌሉበት ሰፈር ግን በሰባ አንድ ዓመቴ አልገጠመኝም።

የእኛው ሊቅ ልብስ ሰፊ ናቸው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸውን መንፈግ ነውር ነው። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይሰነብቱና እሑድ ጠዋት ብስክሌታቸውን እየረገጡ ከእኛ ጋር ከከተማ ይወጣሉ። እኚህ ሰው ሲሞቱም እግራቸው ቶሎ የሚቆም አይመስለኝም።

ለማያውቅ ላስረዳ። የእኛ ብስክሌት ማርሽ መቀያየሪያ የለውም። ከፔዳሉ ጋር አንድ ትልቅ ጥርሳም ክብ፣ ከኋላ ጎማው ጋር አንድ ትንሽ፤ በቃ። የኋላው ጥርስ ካነሰ ሜዳው ላይ ትበራለህ፣ ዳገቱ ላይ ግን ነፍስህ ትወጣለች። ከበዛ ዳገቱ ይቀላል፣ ሜዳው ላይ ግን እግርህ እንደ ወፍጮ እየተሽከረከረ መንገዱ አልገፋ ይላል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ቁጥር ይመርጣል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ቢመጣ በዚያው ነው። ፍልስፍና ሳስተምር ስለ ምርጫ ብዙ ለፍልፌያለሁ፤ ይህን ያህል ጥርት ያለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም።

ሊቀ ጥርስ ምክር የሚሰጡት ሳይጠየቁ ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው የጭኑን ዙሪያ ይለኩና ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ደምረው አካፍለው «ለአንተ አሥራ ዘጠኝ ጥርስ!» ይሉታል። ሰውዬው ብስክሌት የለውም። «ሲኖርህ ታስታውሰኛለህ።» የሰፈራችን ጥርስ ሐኪም አዲስ ብስክሌቱን እየገፋ በበራቸው ሲያልፍ ደግሞ «ዶክተር! ሁለት ጥርስ ይጎድልሃል!» ብለው ጮኹበት። ሦስት ታካሚዎቹ ሰምተዋል። ሐኪሙ አንድ ወር አኮረፈ፤ በወሩ ሁለት ጥርስ ጨምሮ መጣ።

እሳቸው ራሳቸው በሃያ ጥርስ ነው የሚነዱት። ማርሿን እንዳትጠፋባቸው በቀይ ቀለም ነጥብ አድርገውባታል፤ ነጥቧን ያላሳዩት ሰው የለም። ሲከራከሯቸው «ዳገቱ አይዋሽም» ብለው ይዘጉታል። ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም። አንዱን እጅጌ አስረዝመው የሰፉበት ደንበኛ ቢመጣ እንኳ ደግመው የሚለኩት ኮቱን ሳይሆን ክንዱን ነው።

ከእኚህ ሰው ጋር ነው እንግዲህ የተጣላሁት።

ታላቅ እህቴ ከእኛ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከድልድዩ ወዲያ ባለው ረጅም ዳገት አናት ላይ ትኖራለች። ተማሪ ሳለሁ እሷ ዘንድ በብስክሌት እመላለስ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ጥርስ፣ አንዴም ሳልወርድ። በቀደም በስልክ ስንጨዋወት አፌ አምልጦኝ «አሁንም አደርገዋለሁ» አልኳት።

«በዚያ ጉልበትህ?» አለች እትዬ። ሳቋ ጆሮዬን አደነቆረው። «እሺ፤ እሑድ በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ዳገቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታየኛል። አንዲት እግርህ መሬት ብትነካ የልጅነት ስምህን ለልጅ ልጆቼ አስተምራቸዋለሁ!»

የልጅነት ስሜን እዚህ አልጽፈውም። ከተቀበረ ስልሳ ዓመቱ ነው።

ብስክሌቴን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ፤ መሳቢያቸው ውስጥ ከኮት ቁልፍ ይልቅ ማርሽ ይበዛል። «የኋላው ማርሽ ተበልቶ አልቋል። አሥራ ሰባት ጥርስ ግጠምልኝ» አልኳቸው።

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። «የሚያስፈልግዎ ሃያ ነው፣ ጋሼ።»

«አሥራ ሰባት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዳገቱ ሦስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው!»

«ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የወጣሁት ዳገት ነው።»

«ዳገቱማ አላረጀም።»

«ታዲያ ማነው ያረጀው?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ጨርቅ የሚመርጡ መሰሉ። ሊቀ ጥርስ ክርክሩን በ«ዳገቱ አይዋሽም» አልዘጉትም፤ ይህ ራሱ በታሪክ ሊመዘገብ ይገባዋል። ጉልበቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። «ይሁን። አሥራ ሰባት» አሉ። «ነገ ከሰዓት ይውሰዱ።»

እሑድ «ለምስክርነት» ብለው አብረውኝ ወጡ። ሜዳው ላይ እግሬ እንዴት ይሽከረከር ነበር! ይህን ሁሉ ቅልጥፍና ከየት አመጣሁት እያልኩ በራሴ ተደነቅኩ። ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ተቀበለኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ልቤ ጆሮዬ ሥር ይደልቅ ጀመር፤ ፔዳሉ ግን እሺ አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሊቁ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ነው። «ጫማዬ ነው!» ብለው ከታች ጮኹ።

እትዬ ከወንበሯ ተነሥታ ታጨበጭብ ነበር። «አልወረድክም! አንተ ሽማግሌ፣ አልወረድክም!» ብላ ላቤን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ሊቀ ጥርስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደርሰው፣ የሰጠቻቸውን ውኃ ጨልጠው፣ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት እጃቸውን አነሡ። «አሥራ ሰባት ልክ ነበር። ተሳስቼ ነበር።»

ይህን ቃል ሦስት ወር ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ ስደጋግም ከረምኩ። እሑድ እሑድ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚቀሩት እሳቸው ሆኑ። አዘንኩላቸውና አንድ ቀን «ጥርስ ጨምር፣ ይቀልሃል» ብዬ መከርኳቸው። «አስብበታለሁ ጋሼ» አሉኝ።

ትናንት ሰንሰለቴን ሳጸዳ ከቅባቱ ሥር ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሐሳብ ስመረምር የኖርኩ ሰው እስከ ሃያ መቁጠር አቅቶኝ ነበር። ዳገቱ አልዋሸም፤ የዋሹት ሊቀ ጥርስ ናቸው።

በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ብስክሌታቸው በሩ ላይ ተደግፏል። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት።

ውስጥ አንድ ደንበኛ እየለኩ ይለፈልፋሉ። «በሕይወቴ የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይኸው፣ ጋሼ ራሳቸው መጡ፤ ይመስክሩ!»

«እውነት ነው?» አለ ሰውዬው።

«እውነት ነው» አልኩ። «አሥራ ሰባት ነበር።»

ሊቀ ጥርስ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡና መርገጥ ጀመሩ። ቀና ሳይሉ ከቁርጥራጭ ቅርጫቱ አንድ ጨርቅ መዘው ዘረጉልኝ።

«ጣትዎን ይጥረጉ፣ ጋሼ» አሉ። «ቅባት ነክቶታል።»