ወገቤ የቆቦ ሕዝብ የሆነ ጊዜ

ሰው ጥርሱን ቢያመው ጥርሱ የራሱ ነው። ሆዱን ቢቆርጠውም ሆዱ የራሱ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ግን… ወገቡ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕዝብ ነው! አታምኑኝም? እንግዲያው አንድ ቀን ወገባችሁን ያዝ አድርጋችሁ በቆቦ ገበያ መሃል እለፉ። መናኸሪያው ጋ ሳትደርሱ ሰባት መድኃኒት፣ አራት ወጌሻና አንድ ጠበል ይታዘዝላችኋል። ተስፋ የሚያስቆርጣችሁ ሰው ደግሞ በነጻ ነው።

እኔ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከአሥራ አንዱ አራቱን ወገቤን እያመመኝ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ሕመሙ እንደ እንግዳ ነበር፤ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል። በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። ከወገቤ ተነስቶ በግራ ታፋዬ ይወርድና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያርፋል። ክፍል ውስጥ የምቆመው ሰሌዳውን ተደግፌ ነው። ከክፍል ስወጣ በጠመኔ የሳልኩት የዓባይ ተፋሰስ ከነገባሮቹ ኮቴ ጀርባ ላይ ተገልብጦ ይታያል።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ነገሩ የፈነዳው አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ነው። ተማሪው ተሰልፏል፣ መዝሙሩ ሊጀመር ነው፣ የጫማዬ ክር ተፈታ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩት። ማሰሩንስ አሰርኩ… መነሳቱ ነው የቀረው! ወገቤ ቋ! አለና ተቆለፈ። መዝሙሩ ተጀመረ፣ መዝሙሩ አለቀ፣ ባንዲራው ጫፍ ደረሰ፤ እኔ አፈር አፈሩን እያየሁ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ በአክብሮቴ ልቡ ተነክቶ ነበር አሉ። ሲቆይበት ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣

«መምህር ጌታሁን፣ አሁንስ ይበቃል» አለኝ።

«መች ጠልቼ!»

«ምን አልክ?»

«ተቆልፌያለሁ!»

ባጃጅ ተጠራ። በነገራችን ላይ፣ ባጃጅን የሠራው ሰው ወገቡን ያመው እንደነበር አልጠራጠርም። የጎበጠ ሰው ሳይቃና የሚገባባት መኪና እሷ ብቻ ናት። ተማሪው እንደ ዋንጫ አሸናፊ በጭብጨባ ሸኘኝ።

ደሴ ሄድኩ፤ ደሴ አዲስ አበባ ላከኝ። አዲስ አበባ በሚንጫጫ የማሽን ዋሻ ውስጥ እንደ ድፎ ዳቦ ከትተው ወገቤን ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ቃል የሚመጥን ሰው ነው። ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ ብዙ አየና፣

«ይኸውልህ» አለኝ፣ «በአከርካሪህ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ሾልኮ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። እስቲ የግራ እግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ ቀና አድርጋት።»

አዘዝኳት። አልተቀናችም። እንደገና አዘዝኳት። ወይ ፍንክች! ስልሳ ተማሪ በአንድ ግልምጫ ዝም የማሰኝ ሰውዬ፣ በገዛ ጣቴ ተናቅሁ!

እኔ ሳቅ ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «ያላማረኝ ይሄ ነው። ሕመሙ ብቻ ቢሆን በኪኒንና በእንቅስቃሴ እንታገለው ነበር። ጣትህ መድከም ከጀመረች ግን የምመክርህ ኦፕራሲዮን ነው።»

«ሽባ ብሆንስ ዶክተር?»

«ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የለም ብዬ ግን አልዋሽህም። ሳይነካ ቢቀርም እግርህ እየሰነፈ ሊሄድ ይችላል። ከባለቤትህ ጋር ምከርበት። ብዙ ግን አትቆይ።»

ልብ በሉ፤ ከባለቤትህ ጋር ምከር ነው ያለኝ። ከቆቦ ሕዝብ ጋር ምከር አላለኝም!

ቤቴ ገብቼ ጋደም ከማለቴ ጠያቂው ጎረፈ። በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ዙሪያ ሁለት ፓርቲ ተመሠረተ። የ«ይቀደድ» ፓርቲ መሪ ጎረቤቴ ሰይድ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተተርትሮ የሚሰፋ ይመስለዋል። የ«አይነካ» ፓርቲ መሪ ደግሞ አከራያችን እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

«ወገብ ቢላ ከነካው አለቀ ደቀቀ!» ይላሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ሮቢት ያለውን ካሳውን አታዩም? ወገቡን ተቀዶ ይኸው አልጋ ላይ ከዋለ ስንት ዘመኑ!»

«ጎብዬ ያለውን እንድሪስንስ ምነው ረሱት?» ይላል ሰይድ። «ተቀዶ፣ ድኖ፣ የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሲጨፍር አገር አይደለም ወይ ያየው? ወላሂ፣ የዚያን ቀን እንደሱ የጨፈረ የለም! አብሽር ጌታሁን፣ ተቀደድ!»

«ካሳውን አስቡ!»

«እንድሪስን አስቡ!»

እኔ ጠዋት ካሳውን እሆናለሁ፣ ከሰዓት እንድሪስን እሆናለሁ። ባለቤቴ ሙሉ ከሁለቱም ጋር አልገባችም፤ ዝም ብላ ትሰማለች። አራት ዓመት የሞላት ልጃችን ሳሮን ብቻ ናት ነገሩን በቀጥታ የምታቀርበው። «አባዬ፣ እቀፈኝ» ትለኛለች። «ወንበሩ ላይ ውጪና አንቺ እቀፊኝ» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ወንበሩን ትታ ሄደች። ያን ቀን ሰይድን ጠራሁትና፣

«ሰዎቹን በዓይኔ ልያቸው፤ ውሰደኝ» አልኩት።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘን ወረድን። ሮቢትም ጎብዬም በአንዱ አስፋልት ላይ ስለሆኑ መንገዱ ቀላል ነው፤ ቀላል ያልሆነው እኔን መጫኑ ነው። ሮቢት ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የካሳውን ቤት ማንንም ሳንጠይቅ አገኘነው። አስፋልቱ ዳር ከግራር ሥር አልጋ አለ። አልጋው ላይ ጋቢውን እስከ ፊቱ የተሸፈነ ሰው አለ። አይንቀሳቀስም።

«አለቀልኝ!» አልኩት ሰይድን።

ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? አላህ ያሽርዎት» አለ።

ሰውዬው ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። «ከምኑ?»

«ከ… ከወገብዎ።»

«ወገቤን ምን አገኘው?» ብሎ ብድግ አለ! ብድግ ስላችሁ እንደ ፍየል ነው፤ እኔ እንደዚያ ብድግ ካልኩ አራት ዓመቴ ነው።

«ኦፕራሲዮን ተደርገው አልጋ ላይ ዋሉ ሲሉ ሰምተን…» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«የተቀደድኩት ትርፍ አንጀት ነው! ያውም ሳላገባ በፊት! እናንተ የቆቦ ሰዎች ምን በድያችሁ ነው? ሌሊት ሽንኩርቴን ውሃ ሳጠጣ አድራለሁ፣ ቀትር ላይ ጋደም እላለሁ። አውቶቡሱ የሚያልፈው ደግሞ ቀትር ላይ ነው! ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ብርቱካን ወረወረችልኝ። ሌሊት የሚያልፍ አውቶቡስ ቢኖር እኮ ስሜ ይነጻ ነበር!»

ይቅርታ ጠይቀን፣ ወገቡን መርቀን ተነሳን። ሰይድ ደስታው ልክ አጣ። የእትዬ ጥሩነሽ ማስረጃ ፈርሷላ! «አሁን እንድሪስን ስታይ ራስህ ነህ ቢላውን አምጡ የምትለው» እያለ ጎብዬ ድረስ ወሰደኝ።

እንድሪስ ከገበያው ጀርባ ካለው ቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የታየን ዱላው ነው። ቀጥሎ ራሱ ታየ። ወገቡ ከዘጠና ዲግሪ ትንሽ ይተርፋል። ግራ እግሩ ሲራመድ እንደ ልቅ ነጠላ ጫማ ጧ፣ ጧ ይላል። የሰይድ ፊት ሲገረጣ አየሁት።

«ኦፕራሲዮኑ አልያዘልዎትም እንዴ?» አልኩ።

«የቱ ኦፕራሲዮን?» አለ እንድሪስ፣ በረንዳው ላይ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ። «ቀሚሳቸውን አልብሰው አጋደሙኝ። መብራቱን አየሁት፣ መቀሱን አየሁት… ከአልጋው ወርጄ ሮጥኩ! ቀሚሱ እኮ ኋላው ክፍት ነው። ከተማው በሙሉ አየኝ።»

«ታዲያ ሠርጉ ላይ የጨፈሩትስ?» አለ ሰይድ፣ በመጨረሻ ተስፋ።

«ጭፈራ አትበለኝ! ሙሽሮቹን ልመርቅ ስነሳ ያዘኝ። ወደ ግራ ተቀጠፍኩ፣ ወደ ቀኝ ተቀጠፍኩ፣ ‹ያ አላህ!› ብዬ ጮኽኩ። እነሱ እልል አሉ! ከበሮውን አፈጠኑት! እኔ ‹ያዙኝ› ስል እነሱ ግንባሬ ላይ ብር ይለጥፋሉ!»

ሰይድ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔ መሳቅ ወገቤን ስለሚያመኝ እያቃሰትኩ ሳቅሁ። እንድሪስም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ እኔ አዞረው።

«ይችን እግር ግን እያት፣ ወንድሜ» አለኝ። «መጀመሪያ እምቢ ያለችኝ አውራ ጣቴ ናት። ጣት ምን ታደርግልኛለች ብዬ ተውኳት። ቀጥሎ መርገጫው፣ ቀጥሎ እግሩ። ያን ቀን ከሆስፒታሉ በሁለት እግሬ ሮጬ ወጣሁ። የመጨረሻ ሩጫዬ እሱ ነው።»

ጫማዬ ውስጥ ጣቴን ቀና ላደርጋት ሞከርኩ። ከአዲስ አበባዋ ቀን ብሳ ሰንፋለች።

ቤቴ እንደገባሁ፣ «ሙሉ፣ ልቀደድ ነው» አልኳት።

«እኔ የወሰንኩት ዶክተሩ የነገረህ ዕለት ነው» አለች። «ሻንጣህን ካዘጋጀሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ጉብኝትህን እስክትጨርስ ነበር የጠበቅሁህ።»

እትዬ ጥሩነሽ እያለቀሱ ግንባሬን ሳሙኝና ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጡኝ። «ባልስማማም ይማርህ» አሉ። ተቃውሟቸው ተመዝግቦ ጸለዩልኝ ማለት ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ቀሚሱን ሲያለብሱኝ የኋላውን ክር ሦስት ጊዜ አሳሰርኩት። ምን ይታወቃል፣ ልቤ ቢከዳኝስ? የሚያደነዝዘው ሰውዬ መርፌውን እያዘጋጀ፣ «ከየት ነህ?» አለኝ። «ከቆቦ።» «ቆቦ ለምንድን ነው እንዲያ የሚሞቀው?» አይ! የጂኦግራፊ መምህር ይህን ይጠየቃል? «ከዞብል ተራራ ግርጌ ያለው ሜዳ…» ብዬ ጀመርኩ። ትምህርቱ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ዓይኔን ስገልጥ ሙሉ ከእግሬ ሥር ቆማለች። ብርድ ልብሱን ገልጣለች።

«ጣትህን አንሳት» አለችኝ።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አዘዝኳት… ተንቀጠቀጠች… ተነሳች! የጤፍ ያህል ናት፤ ግን ተነሳች። ያን ሁሉ ሳምንት ከቆቦ ሕዝብ መሃል ዝም ብላ የተቀመጠችው ሙሉ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ መመሪያውን ሰጠኝ። «ሦስት ወር ባልዲ አታንሳ፣ አትጎንበስ፣ ወለል አትጥረግ፣ ልብስ አትጠብ።» በእያንዳንዱ ላይ በጣም አዘንኩ።

«ዶክተር፣ ሦስት ወር ሲሞላውስ?» አለች ሙሉ።

«ያኔማ ቀስ በቀስ ሁሉንም ይሠራል። እንዲያውም መንቀሳቀሱ ይጠቅመዋል።»

«እባክዎ ይህችን በወረቀት ይጻፉልኝ» አለች። «ከነማኅተሟ።»

ጻፈላት! ወረቀቱ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሳሮንን የማነሳበትን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ የባልዲው ቀን ግን ባይደርስ ደስ ይለኛል። ወገቤ? ከእናንተ ልደብቅ አልችልም። ብርድ ሲመታው ትንሽ ነከስ ያደርገኛል እንጂ ከዳነ ሰነበተ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት ታዲያ፣ ሙሉ ጓዳ ናት…

«ጌታሁን! ምን እየጻፍክ ነው?»

«ወይኔ… ወገቤን!»