ከቅጠል ሥር የወደቀ ዕጣ

ሰው ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚጠይቀው መቼ ነው? ዕጣው ከመውደቁ በፊት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ከወደቀም በኋላ፣ በዓይኑ እስኪያየው ድረስ ነው የሚሉም አሉ። ይህች ትንሽ ልዩነት የስታቲስቲክስ ሊቃውንትን ስንት ዘመን አጣልታለች። እኔን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አሳጥታኛለች። አትሳቁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። ዕድል ያለው ዕጣው ውስጥ ሳይሆን እኛ ባለማወቃችን ውስጥ ነው፤ ሰው ከያዘው እምነት ይነሣል፣ ማስረጃ ባየ ቁጥር እምነቱን ያስተካክላል አልኩ። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ፣ ዶክተሩ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ አፋጠጡኝ። «ዕጣው ከወደቀ በኋላ ምን ዕድል አለ? ወይ ያንተ ነው፣ ወይ አይደለም!» በምስጢር ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ ወደቅሁ። ማን እንደጣለኝ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሶዶ ውስጥ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሆኜ አሥራ አምስት ዓመት አልረሳሁም።

ዘንድሮ ዶክተሩ ጡረታ ወጡና ሰፈራችን ገቡ፤ ለመስቀል ከቅርጫችን ተቀላቀሉ። ከሻንቶ ገበያ የመጣው በሬ ታርዶ በእንሰት ቅጠል ላይ ሰባት መደብ ሆነ። «ሻኛ ለሰባት መቆራረስ ውርደት ነው» ያሉት የቅርጫችን ዳኛ ጋሽ ዳና፣ ከሌላው ሥጋ ቀንሰው ሻኛውን እንዳለ ለአንዱ መደብ ሰጡት። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ዶክተሩ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ሁላችንም ምልክታችንን አዋጣን። የማን ምን እንደሆነ ያላየች ጎረቤት በየመደቡ ጥላ በቅጠል ሸፈነችው።

ዶክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስማማ ወንድሜ፣ ሻኛው ለኔ የመድረሱ ዕድል ስንት ይሆን?»

አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኋት ጥያቄ!

«ዶክተር፣ ዕጣው እኮ ወድቋል። ወይ የርስዎ ነው፣ ወይ አይደለም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ያን ያህል ያፋጠጥኩህ እነዚያ ሁለቱ መልስህን እንዲሰሙ ብዬ ነበር። ይለፍ ያለችው አንዷ ድምፅ የኔ ነበረች።»

«ማስረጃዎ?»

«መጨረሻ ገጽህ ላይ 'መቶ በመቶ ያመነን ሰው ማስረጃ አይነቀንቀውም' ብለህ ነበር። ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩባት።»

«ሥጋው ደረቀ እኮ፣ እናንተ ሰዎች!» ብለው ጋሽ ዳና ቅጠሉን ገለጡት። ሻኛው ላይ የኔ ቁልፍ ተቀምጣለች።

እነሆ፣ እምነታችሁን አስተካክሉ ብዬ የጻፍኩት ሰውዬ ራሴ መቶ በመቶ ላይ ተቸክዬ ኖሬአለሁ። በደሉ አልተሰረዘም፤ በዳዩ ብቻ ጠፋኝ። ግን ጽሑፌ አንድ አንባቢ ነበረው ለካ። ተመስገን ነው።

የአንድ ሰው ቃል ትንሽ ማስረጃ ናትና፣ ቂሜን ጨርሼ ሳልጥል ወደ ሠላሳ በመቶ አወረድኩት። ሻኛውን ግን ሳልቆርስ ሰጠኋቸው።