የበሩ አጋፋሪ

በሰሜን ሚኒሶታ የበረዶ ሆኪ ቡድን ያለው ኮሌጅ ሁሉ አንድ ረዳት አሰልጣኝ አለው፤ ያ ረዳት አሰልጣኝ ደግሞ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ በወጣትነቱ "ላይ" የተጫወተ ሰው ነው። "ላይ" ማለት ታላቁ ሊግ ነው። ስንት ጨዋታ ተብሎ ግን አይጠየቅም። ጉልበቱ ያነክሳል፤ የፊት ጥርሶቹ ተነቃይ ናቸው፤ ስለ አየር ጠባይም ሆነ ስለ ድንች ዋጋ ሲናገር የሚጀምረው "ላይ በነበርኩ ጊዜ..." ብሎ ነው።

የእኛው የካልቪክ ኮሌጁ ክቡር ቬርን ሌህቶላ ላይ የቆዩት አሥራ አንድ ጨዋታ ነው። የቦታው ባለቤት መንጋጋው ተሰብሮ ነበርና፣ መንጋጋው ሲድን ክቡርነታቸው ወደ ታች ተመለሱ። ያን ሦስት ሳምንት ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲተርኩት፣ አሁን አሥራ አንዱን ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ለመስማት ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

ሥራቸው በር መክፈት ነው። አልቀለድኩም። ሆኪ ተጫዋች በረዶው ላይ ከአርባ ሰከንድ በላይ ከቆየ ትንፋሹ ያልቃል፤ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። ተከላካዮቹ የሚገቡትና የሚወጡት በአንዲት ትንሽ በር ነው፤ እጀታዋን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ቀድሞ ከከፈተ ትርፍ ሰው ይገባና ቡድኑ ይቀጣል፤ ከዘገየ ግብ ይቆጠራል። ክቡርነታቸው ያችን እጀታ ሃያ ሁለት ዓመት ይዘዋል። ቤተ መንግሥት ቢሆን አጋፋሪ ይባሉ ነበር። የተሳሳቱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሦስቱንም ቀን ከልጆቻቸው የልደት ቀን አብልጠው ያስታውሳሉ።

ችግሩ ሥራቸውን ይዘው ወደ ቤት መሄዳቸው ነው። ሰው ሊጠይቁ ሲመጡ ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሳሉ። ሚስታቸው ሎርና እራት ስታቀርብ፣ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እሳቸው ጨርሰዋል።

"ቬርን፣ እኔ እኮ ገና አልተቀመጥኩም!"

"አርባ ሰከንድ አለፈ፤ ተራው ያንቺ ነው።"

ተጫዋች ሊመለምሉ በአሮጌው ፒክአፓቸው ድንበር ተሻግረው እስከ ካናዳዋ ማኒቶባ ድረስ ይነዳሉ። የልጁን ምት አያዩም። እናትየው የጋገረችውን በልተው ወደ ከብቶቹ በረት ይወጡና ልጁ በሩን እንዴት እንደሚዘጋ ይመለከታሉ። "ምት ማንም ያስተምረዋል" ይላሉ። "የበረት በር ክፍት ጥሎ የሚሄድ ልጅ ግን ግብ ጠባቂውንም ጥሎ ይሄዳል።"

እኔ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለችው ክፍል የበረዶ ጫማ ስለት እሞርዳለሁ። ክቡርነታቸው ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላሉ።

"ክላይድ፣ ይሄ ስለት ነው ወይስ የቅቤ ቢላዋ?"

"አንተ ላይ በነበርክ ጊዜ በምን ነበር የምትጫወተው? በቅቤ ቢላዋ ነው መሰለኝ፣ አሥራ አንድ ላይ የቀረኸው።"

ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳያልቅ ሄደዋል።

በመጋቢት ዋናው አሰልጣኝ ጡረታ ወጣ። በዚህ ሙያ ልማዱ የታወቀ ነው፤ አዲስ ዋና አሰልጣኝ የራሱን ረዳቶች ይዞ ይመጣል፣ የድሮዎቹ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። ስለዚህ ክቡርነታቸው ወይ ራሳቸው ዋና መሆን አለባቸው፣ ወይ በሯን ያጣሉ። በሃምሳ ስምንት ዓመት፣ በዚያ ጉልበት፣ ሌላ ሙያ የለም።

"አመልክት" አልኳቸው።

"ቢጠይቁኝ የምናገረው አርባ ሰከንድ አይሞላም እኮ።"

"ስለ አሥራ አንዱ ጨዋታ ንገራቸው፤ እስከ ማታ ትይዛቸዋለህ።"

አመለከቱ። ለሠርጋቸው የገዟትን ክራቫት አሰሩ። አምስት ሰው ፊታቸው ተደርድሮ፣ የስፖርት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ፕሩዊት ለቡድኑ ያላቸውን ራዕይ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ "ማሸነፍ። ድካም ሲመጣ ደግሞ በጊዜ መውጣት" አሉ። ከዚያ አርባው ሰከንድ ሞላ። እግራቸው ራሱ አነሣቸው፤ ወደ በሩ ሄዱ፣ ከፈቱት፣ እጀታውን ይዘው ቆሙ። ኮሚቴው ቃለ መጠይቁ ያበቃ መስሎት አንድ በአንድ እያመሰገነ ወጣ።

"አምስቱም?" አልኳቸው በማግስቱ።

"አምስቱም። ቢያንስ ትርፍ ሰው አላስወጣሁም።"

ሥራውን ትሬቨር ኦስላንድ የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ሰው አገኘ፤ ፈገግታ የማያበዛ፣ ትሑት ሰው። የበረዶ ጫማውን ሊያስሞርድ ክፍሌ መጣ።

"እኚህ ቬርን የሚባሉት ሰውዬ፣ ሥራቸው ምንድን ነው?"

"በር ይከፍታል።"

ሳቀ። "ለበር መክፈቻ ደመወዝ አለን እንዴ?"

መሞረጃውን አጠፋሁት። ያን ቀን የነገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አንቱታውን እተወዋለሁ።

ሚስቴ ማርቪስ ያረፈችው በጥር ነው። ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣሁም፤ ጫማዎቹ እዚህ ተከምረው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቬርን ሎርና የጋገረችውን ድንችና ሥጋ ይዞ መጣ። ተቀመጠ። አርባ ሰከንድ አለፈ፤ አልተነሳም። ስለ ማርቪስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለ አሥራ አንዱ ጨዋታ ይነግረኝ ጀመር፤ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን... ስንት ጊዜ የሰማሁትን። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ግርጌ ወርዳለች። ያኔ ተነሳ፣ የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፣ እጀታውን ይዞ ቆመ። ውጭው ብርድ ያቃጥላል።

"ቬርን፣ ዝጋው። ቤቱ ቀዘቀዘ።"

"ስትወጣ እዘጋዋለሁ።"

"የት ነው የምወጣው?"

"ልጆቹ በቅቤ ቢላዋ እየተጫወቱ ነው። ተነሳ ክላይድ፣ ተራህ ነው።"

እጀታውን አልለቀቀም። ካፖርቴን ለበስኩ።

ኦስላንድ ጫማውን አንስቶ ወጣ። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ተመለሰና በሬን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ያኔ ለቬርን አልሰጋሁም።

አሁን ጥቅምት ነው፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀምሯል። ክፍሌ ሆኜ ሜዳው አይታየኝም፤ የተከላካዮቹ በር ማጠፊያ ግን ቬርን በከፈተው ቁጥር፣ በየአርባ ሰከንዱ ሲያቃስት ይሰማኛል። ዘይት እንድቀባው ከታዘዝኩ ሰነበትኩ። ዘይቱም ብሩሹም እዚሁ መደርደሪያዬ ላይ አሉ።