አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ባሕር

ትናንት በጠራራ ፀሐይ እማዋይሽ ሕልም አየች። ሰው ዛንዚባር ድረስ ሄዶ፣ የባሕር ዓሣ ሊያይ ጀልባ ተሳፍሮ እንዴት ይተኛል? እሷ ግን ማዕበሉ ሲያጥወለውላት ባሏን ጥበቡን "አንተ ውሃው ውስጥ ግባና እይልኝ" አለችውና ጥግ ላይ ጋደም አለች፤ በዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ባሕሩ ከላይ ነበር። እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ጠብታ እንኳ አይወርድም። እሷና ጥበቡ ደረቅ አሸዋ ላይ ቆመዋል፣ ጀልባዋ ከአናታቸው በላይ ትንሳፈፋለች። ተሳፋሪዎቹ ዓሦች ናቸው። መነጽር አጥልቀው፣ ውሃ የሚስቡበት ቱቦ ጎርሰው፣ ወደ አየሩ ብቅ እያሉ ሰው ይጎበኛሉ።

"አትንኳቸው፣ ይደነብራሉ!" አለ አስጎብኚው፣ አንድ ጢማም አምባዛ። ዳቦ ቆርሶም ወረወረላቸው። እማዋይሽ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ዳቦው ገባበት።

አንዲት ትንሽ ዓሣ ጥበቡ ላይ አፈጠጠች። "ይኼኛው ለምንድን ነው የሚስቀው?"

"ሲፈራ ነው" አለ አምባዛው።

ያኔ አየሩ መጉደል ጀመረ። ባሕሩ ኮሽታ ሳያሰማ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። የጥበቡን ፀጉር ሲነካው እማዋይሽ ክንዱን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው።

አምባዛው ገመድ ለቀቀ። እማዋይሽ ተንጠላጥላ ወጣች። ቀጥሎ ወደ ጥበቡ ዞሮ "ና ውጣ" አለው።

ወይ ጥበቡ! ሰው ቤት ሄዶ ሦስቴ ሳይለመን ውሃ እንኳ የማይቀበል ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ኧረ እኔ ግድ የለም፤ እናንተ ቅደሙ" አለ።

"እሺ" አለ አምባዛው። ገመዱንም ሰበሰበ።

በቃ! ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም። እማዋይሽ "በሞቴ ውጣ!" ልትል ብትታገል አፏ ውስጥ ቱቦ ተወትፏል። ቱቦውን ጎትታ ልታወጣው ብትል ይረዝማል እንጂ አያልቅም። ጥበቡ ከአናቱ እስከ አንገቱ ተውጦ አሁንም ይስቃል፤ እስኪለምኑት ቀና ብሎ ይጠብቃል። ዓሦቹ ክንፋቸውን አወዛወዙለት።

ጮኻ ነቃች። ተመስገን፣ ባሕሩ ከታች ነው። አብረዋቸው የተሳፈሩት ፈረንጆች ፎጣ ተከናንበው ሐብሐብ ይበላሉ። ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ የባሕሩ ዳርቻ እየቀረበ ነው። ከጎኗ የጥበቡ ጫማ ተቀምጧል።

"ባሌስ?" አለች አስጎብኚውን፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ።

"ና ውጣ አልነው" አለ ሰውየው ሐብሐብ እየቆረጠ። "ሌሎቹ ይቅደሙ አለ። ሌሎቹን አወጣን።"

"ከዚያስ?"

ሰውየው ቢላውን እንደያዘ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ባሕሩን አየና ሞተረኛውን "አቁም!" ብሎ ጮኸበት።