ክቡር ኦክቴን እና የፋርማሲስቷ ትንሽ መኪና

በሰው መኪና ሆድ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የሌለበት ግቢ የለም። "እኛ ግቢ የለም" የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ እሱ ያገኛችኋል። ኮፈን ከፍታችሁ ቀና ስትሉ ከጎናችሁ ቆሟል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም "እህ" ይላል። "እህ" ካለ በኋላ በሰዓቱ ሥራ መግባት የሚባል ነገር የለም።

ለአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የደረሱት ክቡር ኦክቴን ናቸው። በፊታቸው "ጋሼ" ይባላሉ፤ ማዕረጉ የሚሰጣቸው ዞር ሲሉ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳጅ ቦቴ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ ቀጭን ሰው ናቸው። የራሳቸው መኪና የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። ይህ ግን ሥልጣናቸውን አልነካውም። በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የግቢው በር ላይ ቆመው የሚወጣውን መኪና ሁሉ በጆሯቸው ይመረምራሉ።

"ኦክቴን ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት ነው" ይላሉ። ይህን ያልሰማ ነዋሪ ካለ ትናንት የገባ መሆን አለበት። የኦክቴን ቁጥሩ ከፍ ያለ ቤንዚን ማለት፣ ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ድረስ ሳይቸኩል የሚጠብቅ ቤንዚን ማለት ነው። ጉልበተኛ ሞተር ቤንዚኑን አጥብቆ ስለሚጨምቀው እንዲህ ያለ ታጋሽ ያስፈልገዋል። ትንሽ መኪና ግን ማንንም አትጨምቅም፤ ቁጥሩ ዘጠና አንድ የሆነው ይበቃታል። እዚህ ላይ ሲነገር አጭር ነው። የሦስተኛ ፎቁ የሒሳብ አስተማሪ ግን በዚሁ ማብራሪያ ምክንያት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ቀን አምልጦታል፤ ተማሪዎቹ ለክቡርነታቸው ዕድሜ ቢመኙ አይፈረድባቸውም።

አንድ ጊዜ የኩላሊት ጠጠር አጣድፏቸው አምቡላንስ ተጠራ። በቃሬዛ ተኝተው፣ ጎናቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ሲያቃስቱ ቆዩና ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ድንገት ዝም አሉ። አብራቸው የተሳፈረችው ጎረቤት ክው ብላ ጎንበስ አለችባቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሾፌሩን ምን እንደሚሞላ ጠይቂልኝ" አሏት።

ታሪኩ የሚመለከተው ግን የሁለተኛ ፎቋን ፋርማሲስት ነው።

ፋርማሲስቷ በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነች ትንሽ፣ ያገለገለች መኪና ገዛች። መኪናዋ ከመቆሟ ሁለት ትእዛዝ መጣላት። የመጀመሪያው ከእህቷ ባል ነበር። የእህቷ ባል የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ መኪናው ወደ ግቢው ስትገባ ሌሎቹ ጠጋ ጠጋ ማለት አለባቸው። "ዘጠና አምስት ነው፣ እሱንም ከሰማያዊው ማደያ" አላት። "ሌላ ያጠጣሻት ቀን ሞተሯን ቀበርሻት ማለት ነው።"

ሁለተኛው ትእዛዝ ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልግም። ክቡርነታቸው የነዳጅ መክደኛውን አስከፍተው ከውስጡ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጓት። ዘጠና አንድ ይላል። "መኪናዋ ራሷ እየነገረችሽ የባንክ ሰው ምን ይጠየቃል?" አሉ። የትኛው ማደያ ይሻላል ለሚለውም መልስ ነበራቸው። ቀዩም ሰማያዊውም ማደያ የሚሞላው ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው፤ ለሁለቱም እሳቸው ራሳቸው ሲያራግፉ ኖረዋል። ብዙ የሚሸጥበትን መምረጥ፣ ቦቴ እያራገፈ ከሆነ ዝቃጩ ስለሚነሳ አልፎ መሄድ፤ በቃ። "የቀረው ልዩነት ጓንቱ ላይ ነው" አሉ።

እውነትም የሰማያዊው ማደያ ቀጂዎች ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ። የፊት መስታወት ይወለውላሉ፤ "እመቤት፣ ዘጠና አምስት ነው አይደል?" ይላሉ። ፋርማሲስቷን ከዚያ በፊት እመቤት ያላት ሰው አልነበረም። ቀዩ ማደያ ያለው ግን አንድ ቀጂ ነው፤ እሱም ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "ስንት?" ብቻ ነው የሚለው።

ጋሼ ልክ መሆናቸው ጠፍቷት አይደለም። እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ፣ "እናቴ፣ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ናቸው፤ የሚለየው ካርቶኑ ነው" ስትል የምትውል ሴት ናት። ያም ሆኖ ከግቢው ስትወጣ መሪውን ወደ ሰማያዊው ጠመዘዘችው። ዘጠና አምስት አስሞላች። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ በሩ ላይ ምን እንደሞላች ሲጠይቋት፣ ክርክሩን ፈርታ "እርስዎ ያሉኝን" አለቻቸው።

በዚሁ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ክቡርነታቸው ምክራቸው ሰሚ ሲያገኝ አይተው አያውቁም። ፊታቸው በራ። በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ይጠይቋት ጀመር፤ እሷም አፏ ላይ የመጣላትን ቁጥር ትጠራለች፤ እሳቸው በኪስ ደብተራቸው ይጽፋሉ። ወር ሳይሞላ ለሚወጣው ለሚገባው ሁሉ፣ "የፋርማሲስቷን መኪና እዩ! በዘጠና አንድ እንደ ሚዳቋ ነው የምትሮጠው" ማለት ጀመሩ። እሷ ይህን በሰማች ቁጥር መስታወቷን ዘግታ ማርሽ ትቀይራለች። እውነቱን መናገር በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነበር፤ በአራተኛው ወር ግን ተራራ አከለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው በጣሪያው የውሃ ጋን ጉዳይ ሊነጋገር ግቢ ውስጥ ተሰብስቧል። የእህቷ ባልም እህቷን ሊያደርስ መጥቶ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። ፋርማሲስቷ ተረኛ ስለነበረች ስብሰባውን ትታ ገባችና ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ "ቀጭ" አለች። ደግማ አዞረችው። "ቀጭ።" የግቢው ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"ምን ነበር የምትሞዪላት?" አላት የእህቷ ባል፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

"አንተ ያልከኝን" ማለት ነበረባት፤ እውነቱ እሱ ነውና። ነገር ግን ጋሼ አራት እርምጃ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። የአራት ወር ውሸቷ በጎረቤት ሁሉ ፊት ሊዘረገፍ ነው። ያኔ የሚቀላትን መረጠች።

"ዘጠና አንድ" አለች። "ጋሼ ያዘዙልኝን።"

የእህቷ ባል ሌላ ምንም አልፈለገም። መኪና ኖሯቸው የማያውቁ ሰው ስንት የሰው መኪና ሊገድሉ እንደሆነ ጋሼን በአክብሮት ቃል ጠየቃቸው። ግቢው ሳቀ። ብዙ ጠዋት የተወሰደበት ሰው የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪው ደግሞ ከሁሉ አስረዘመው።

ክቡርነታቸው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እሷን አዩ። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። የላይኛውን የሸሚዝ ቁልፋቸውን ነካ ነካ አደረጉና፣ "አጥፍቼ ይሆናል" አሉ። ቀስ ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ የላላውን የባትሪ ገመድ አጠበቀና ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ ተነሳች። ሥራው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ፋርማሲስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከቤንዚኑ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችው። መካኒኩ ሳቀ። "በሳል ሽሮፕ ምክንያት እግሩ የተሰበረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት። ለዚች መኪና ዘጠና አንዱ ከበቂ በላይ እንደሆነ፣ ዘጠና አምስቱም እንደማይጎዳት፣ እንደማይጠቅማትም ነገራት። ይህንን ሲናገር ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የግቢው በር ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ማክሰኞም አልነበረም። መኪናዎቹ በሰዓታቸው ወጡ። የሒሳብ አስተማሪው ትምህርት ቤቱ ገና ሳይከፈት ደርሶ ጥበቃው አጠገብ ቆሞ ታየ። ፋርማሲስቷ ደግሞ መኪናዋን ከሕንፃው ጀርባ መንገድ ላይ ማቆም ጀመረች፤ የጋሼ መስኮት የሚያየው ግቢውን ነውና። ለባሏ ቦታ ጠበበኝ አለችው። ይህችም ሌላ ውሸት ናት።

ረቡዕ ዕለት አንዲት እናት ሁለት ካርቶን መድኃኒት ይዘው የትኛው እንደሚሻል ጠየቋት። ፋርማሲስቷ የለመደችውን ልትናገር ጀመረችና "ሁለቱም አንድ..." ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ልጄ አሞሻል ወይ አሏት። ጉሮሮዬ ነው አለች። ያን ቀን ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አራተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች።

ጋሼ ከፈቱላት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር ወደ መኪና ማቆሚያው የዞረ አንድ ወንበር።

"ጋሼ፣ ዘጠና አንድ ሞልቼ አላውቅም" አለች፣ ደፉ ላይ እንደቆመች። "አንድም ቀን። ቅዳሜ ዕለት በሰው ፊት የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ግቢ" አሉ። ወንበሩን ለእሷ ሰጥተው እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "አውቃለሁ።"

የሰማያዊው ማደያ ደረሰኝ በየሳምንቱ ዳሽቦርዷ ላይ ተጥሎ በመስታወቱ ያዩት ነበር፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። ቅዳሜም ያቺ "ቀጭ" የባትሪ እንጂ የቤንዚን ድምፅ አለመሆኗን ገና በመጀመሪያው ሰምተዋታል።

ፋርማሲስቷ የምትገባበት ጠፋት። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ባትሪ ነው ብል ክርክር ይመጣል። ክርክር ከመጣ ደረሰኙ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ሰው ባለበት።" ጉልበታቸውን አሻሹ። "ደግሞ እኔስ? ሰማያዊው ጋ እንደምትሄጂ እያወቅሁ 'የፋርማሲስቷን መኪና እዩ' ስል አልከረምኩም? ይኸን ሁሉ ዘመን ስናገር እሺ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ውሸት መሆኑን ባውቅም መተው አቃተኝ። ታች የማልወርደው ተቀይሜሽ አይደለም ልጄ፤ አፍሬ ነው።"

ፋርማሲስቷ ተነስታ በመስኮቱ ወደ ታች አየች፤ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሉም ሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ፋርማሲስቷ ትንሿን መኪናዋን በሩ ላይ አግድም አቆመቻትና ወረደች። ከኋላ ክላክስ ቀለጠ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እሷም ጉንጯ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እጇ ቁልፉን ጨምቆ፣ ምን እንደሞላች፣ ከየት እንደሞላች፣ ምን ብላ እንደዋሸችና መኪናዋ በምን እንደቆመች ሳትደብቅ ተናገረች። "ጋሼ ያጠፉት ነገር የለም" ብላ ጨረሰች። ለእህቷ ባል ሌሊቱ ሳይነጋ በስልክ ነግራዋለች፤ "እና ምን ይጠበስ?" ብሎ ዘግቶባታል።

ማንም አልሳቀም። አንዳንዱ ጫማውን አየ፤ ቅዳሜ የሳቀው ሁሉ ማለት ነው። በመጨረሻ የሒሳብ አስተማሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ታዲያ የት አሉ?" አለ። "ከሰኞ ጀምሮ መኪናዬ ታጉረመርማለች፤ የማሰማው ሰው አጥቻለሁ።"

ፋርማሲስቷ ደረጃውን ወጥታ አንኳኳች። ይቅርታ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ቤንዚን ሊያልቅባት እንደሆነና ብቻዋን መሄድ እንደማትፈልግ ብቻ ነገረቻቸው። ክቡርነታቸው ሸሚዛቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ወረዱ። ግቢውን ሲያልፉ ማንንም ቀና ብለው አላዩም፤ የሒሳብ አስተማሪው ግን ሮጥ ብሎ በሩን ከፈተላቸው።

ቀዩ ማደያ ደርሰው ቆሙ። ቀጂው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና የትኛውን እንደሚቀዳ ጠየቀ። ፋርማሲስቷ ወደ ጋሼ ዞረች።

"ባለቤቷ ትናገር" አሉ፣ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያዩ።

"ዘጠና አንድ" አለች። "ሙሉ።"

ቀጂው መቅዳት ጀመረ። ክቡርነታቸው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ጠለፉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠለፉ። ቻሉ፣ ቻሉና መስታወቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ። "ቀስ አድርገህ ቅዳ እንጂ፤ አረፋ ይሠራል" አሉት። ቀጂው ቀስ አደረገ።

ሲመለሱ የላይኛው ቁልፋቸው ተፈቷል። ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ ስለ ጎማ ነፋስ ነግረዋት ያውቁ እንደሆነ ጠየቋት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ነግረዋታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሥራ አርፍዳለች።

"አልነገሩኝም" አለች።

ግቢው በቀኝ በኩል አምስት ደቂቃ ነው። ፋርማሲስቷ ፍሬቻዋን አሳይታ ወደ ግራ፣ ወደ ረጅሙ መንገድ ታጠፈች።