ምንም ያልተነካው ሰርቨር

የተበላሸ ዕቃ ይዞ ወደ ባለሙያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከደሙ ንጹሕ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈስሶ፣ ስኳሩ ገና ጣት እያጣበቀ፣ ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ምንም አልነካሁም» ይለኛል። እናንተም ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ ዓይናችሁን አትስበሩ። ነገሩ ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። ብርጭቆ ከእጃችን አምልጦ ይሰበራል እንጂ እኛ አንሰብረውም፤ ወተቱ ራሱ ይገነፍላል፤ በሩ ይቆለፍብናል፤ አውቶቡሱም እኛ አርፍደን ሳይሆን እሱ ጥሎን ይሄዳል። ንጹሓን እንዲህ በሞሉበት አገር የብልሽት ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። የእኔ እንጀራ ግን ይኸው ነው።

ትውልዴ ጎጃም ነው፤ ተመድቤ የመጣሁት ሰቆጣ። ጤና ነክ ሥራ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ተብዬ ተቀምጫለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን ይለፈኝ። ይህ ማዕረግ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ከማውጣት አንሥቶ የአለቃን ልጅ ስልክ እስከ መክፈት የሚደርስ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ሥራዬ አንድ ብቻ ነው፤ የጋራ መረጃችን የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ። ሰርቨሩን ያመጣው አንድ ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናው፣ ስብሰባውና አበሉ አብረው ሄዱ፤ ሰርቨሩ ብቻ ለእኛ ቀረ።

በላዩ ላይ የሚሠራው ዳታቤዝ፣ መዝገብ ያዡ ፕሮግራም፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ያለ ክፍያ የጻፉት፣ ሶርስ ኮዱም፣ ማለትም የተጻፈበት ጥሬ ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ፈረንጆች በሥራ ሲተረጉሙት ይህን ይመስላል። ውስጡ ያሉት ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው። ከጋዝጊብላ፣ ከፃግብጂ፣ ከሰሃላ ወረዳዎች፣ መቼ ተወለዱ፣ የትኛውን ክትባት ወሰዱ፣ የትኛው አመለጣቸው። መብራት እስካለ ድረስ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተኝተዋል።

መብራት እስካለ ድረስ ነው ያልኩት። በእኛ ከተማ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ስለዚህ ማንም አይገረምም። አንድ ቀን ግን መብራቱ መጣ፣ ሰርቨሩ ተነሣ፣ ዳታቤዙ አልነሣም አለ። ፈትሼ ስጨርስ በሽታው ታወቀ፤ ዳታቤዙ እየጻፈ ሳለ መብራት ከተቋረጠበት ማውጫው የሚበላሽበት የታወቀ ባግ፣ ማለትም የአጻጻፍ ስሕተት፣ አለው። ሠሪዎቹም በአዲሱ እትም አርመውታል። ተሠርቶ ያለቀለት፣ ጭኖ መነሣት ብቻ የሚፈልገው እትም ግን የእኛን ዓይነት ሽማግሌ ማሽን ረስቶታል። የቀረው መንገድ ሶርስ ኮዱን አውርዶ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ከጥሬው ማብሰል ነው። ባለሙያዎች «ቢልድ ማድረግ» የሚሉት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ሲስተር ዝናሽን ላስተዋውቃችሁ። የክትባቱ ሥራ ኃላፊ ናቸው። የአገሩ ተወላጅ ስለሆኑ ከእናቶች ጋር በስልክ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ይጠነክራል። ዳታቤዙ በወደቀበት ሳምንት ሰሃላ ውስጥ አንድ ቀበሌ ኩፍኝ ገባ። ሲስተር ቢሮዬ መጥተው አልተቀመጡም።

«ክትባቱን በረዶ ባለበት ሳጥን በሰው ትከሻ ነው የምናስኬደው» አሉኝ። «ከመንደር መንደር ልፈልግ ካልኩ በረዶው ይሟሟል። ያልተከተቡትን ልጆች ስም ስጠኝ፤ ለገበያ የሚመጣው የሰሃላ ሰው ይዞልኝ ይግባ። እናቶቹ አንድ ቦታ ይጠብቁኛል።»

«ስሙ መቼ ይድረስልዎ፣ ሲስተር?»

«የፊታችን ገበያ ሳይፈታ። ገበያው ከተፈታ በኋላ የሚመጣው መልእክተኛ ኩፍኙ ነው።»

አለቃችን በበኩላቸው መፍትሔ አላጡም። ሰርቨሩ በካርቶን ታሽጎ ወደ ባሕር ዳር ይላክ አሉ። ወደዚያ የተላከ ማሽን የቁራ መልእክተኛ እንደሚሆን እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ ልዩነታችን እሳቸው ደብዳቤው ከወጣላቸው ሥራው አልቋል ማለታቸው ነው። እልህ ያዘኝ። እዚሁ አስነሣዋለሁ አልኩ፤ ካልኩ በኋላ ደግሞ ፈራሁ፤ ከፈራሁ በኋላ ሥራ ጀመርኩ።

ዳታውን በመጀመሪያ ለብቻው ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና። ሶርስ ኮዱን በራሴ ላፕቶፕ፣ ኔትወርክ ትንሽ በሚተነፍስበት የግቢው ጥግ ቆሜ አውርጄ በፍላሽ አስገባሁ። ቢልዱ ሲጀምር ማሽኑን እንደ ሙሽራ ቤት ሽማግሌ ይጠይቀዋል፤ ማሽኑም ይመልሳል። ይህ አለህ? አለኝ። ያ አለህ? አለኝ። አንድ ቦታ የለኝም አለ፤ የጎደለውን አጋዥ ፋይል ፈልጌ አመጣሁለት። ሌላም ጎደለ፤ ያንንም አመጣሁ። ከዚያ ሁሉም አለኝ፣ አለኝ፣ አለኝ ሆነ። ደስ ብሎኝ ተደላድዬ ስቀመጥ፣ ጥያቄው ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ይህ አለህ? አለኝ። ያ አለህ?

አቋርጬ እንደገና አስነሣሁት። ጠየቀ፣ ጨረሰ፣ እንደገና ጠየቀ። ፎልደሩን አጥፍቼ ከፍላሹ አዲስ አስገባሁ፤ ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ስሕተት አለ እንኳ አይለኝም፤ ስሕተት ቢል ስሕተቱን ይዤ እከራከረው ነበር። እሱ ግን እየሠራሁ ነው ይላል። መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ይህን ዓይነቱን ባሕርይ ታውቁታላችሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የዳታቤዙ ሠሪዎች በኢሜይል ለሚወያዩበት መድረክ ጻፍኩ። ያደግሁት ሰላምታ ሳይጨርሱ ጉዳይ መጀመር ነውር በሆነበት ቤት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጤናቸውን ጠየቅሁ። ስለ ድካማቸው አመሰገንኩ። ስለ ሰቆጣ አየር ትንሽ ነገር አከልኩ። መጨረሻ ላይ ቢልዱ እምቢ አለኝ አልኩ። አንድ ሰው፣ ስሙን ለማንበብ ምላሴ የታሰረበት ሰው፣ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ምን ብለህ አዘዝከው? ምን መለሰልህ? ሙሉውን ላክ።» ሰላምታ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ቅር እያለኝ ላክሁለት። ክፉ ሰው ነው ብዬ ነበር፤ ክፉ ሰው ግን የማያውቀውን ሰው ያን ሁሉ ገጽ ቁጭ ብሎ አያነብለትም።

አንብቦም አንዲት መስመር መዝዞ አወጣ። እኔም ብዙ ጊዜ ዓይቼ ያለፍኳት ናት፤ «የፋይሉ ቀን ገና ያልደረሰ ነው» ትላለች። ማስጠንቀቂያ ነች፤ እዚህ አገር ደግሞ በማስጠንቀቂያ ቆሞ የሚያውቅ የለም። «የማሽንህ ቀን ልክ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ቀኑ ልክ ነው፣ ወሩ ልክ ነው፣ ዓመቱ ልክ ነው፤ ያን ዕለት ጧት በፈረምኩት ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለው ቀን ራሱ ነው። ሰዓቱ እንኳ ልክ ነው፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልክ መሆኑን ጻፍኩለት፤ ቀኑንም ገልብጬ ላክሁለት።

«የምትኖረው በየትኛው ዓመት ነው?» ሲል መለሰ።

ደሜ ፈላ። ደሃ ነን እንጂ ቀን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም የሚል ረጅም መልስ በስልኬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ሰላምታ አላስፈለገኝም። እየጻፍኩ ሳለ ዓይኔ የስልኬ አናት ላይ አረፈ። ስልኬ ሌላ ዓመት ይላል። የጻፍኩትን አጥፍቼ ስልኬን ከሰርቨሩ ጎን አስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ የሚኖረው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ሶርስ ኮዱ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ወደፊት ነው። የቢልዱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ጥሬው ከተሠራው በቀን የሚበልጥ ከሆነ፣ ጥሬው ተቀይሯልና እንደገና ሥራ። ሰርቨራችን ይሠራል፣ ዞሮ ያያል፣ ጥሬው ገና ነገ ነው የተጻፈው፤ እንደገና ይጀምራል። ሞኝ አልነበረም። ታዛዥ ነበር።

ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጆቹ ቀየርኩ። ቀኑን ማን እንዲህ እንዳደረገው ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ለማላከክ ከገበያ በኋላ እንደርሳለን። ቢልዱ ጠየቀ፣ ጨረሰ፣ ወደፊት ሄደ። ሽማግሌው ማሽን እያቃሰተ ሲሠራ ዋለ፤ መብራትም፣ ምስጋና ይግባትና፣ ዋለች። በገበያው ዕለት ጧት ዳታቤዙ ተነሣ፤ ማውጫውን አደስኩለት፤ አንድም ልጅ አልጠፋም። ስለራሴ ከባድ ግምት አደረብኝ። ሲስተርን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው።

ሲስተር ተቀምጠው የሚፈልጉትን አዘዙት፤ ዘጠኝ ወር የሞላቸው፣ ሁለት ዓመት ያላለፋቸው፣ የኩፍኝ ክትባት ያልወሰዱ የሰሃላ ልጆች። ሰርቨሩ ወዲያው መለሰ። ማንም የለም።

«ልጆቹ የት ሄዱ?»

«አሉ፣ ሲስተር። አንድም አልጠፋም። ይኸውልዎ።» የአንዲቱን ገጽ ከፈትኩ።

ሲስተር መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ስምንት ዓመት ይላታል። ይህችን እኮ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ገና ቆማ አትሄድም።» ሌላ ከፈቱ፤ ስምንት ዓመት። ሌላ ከፈቱ፤ ዘጠኝ ሊሞላው። በመስኮቱ የገበያው ድምፅ ይሰማል። ሲስተር ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ሰርቨሩን ምን ነካኸው?»

«ምንም አልነካሁም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

ሲስተር ግን ወደ እኔ ማየቱን ትተው የስክሪኑን ጥግ አዩ። «ቀኑን ነክተኸዋል» አሉ። «መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይህ ማሽን ቀን ይረሳል። የማስታውሰው እኔ ነኝ። ከፕሮጀክቱ ጀምሮ ሳስታውሰው ኖሬአለሁ።» ለካ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምታቆይለት፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ባትሪው ከሞተች ቆይታለች፤ ምትኳ ገና በግዢ ሂደት ላይ ነች። «የልጆቹን ልደት የምንጽፈው በእኛ ቀን ነው፤ እናታቸው የምትነግረኝ በእኛ ቀን ነው። በእኛ ቀን ተወልደው በፈረንጅ ቀን ያረጃሉ እንዴ?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው እንዳልል፣ ቸግሮኝ ነበር። ቀኑን ባልቀይረው ዳታቤዙ አይነሣም፤ ቀይሬው በመቅረቴ ደግሞ የአንድ ወረዳ ሕፃናት በሙሉ በአንድ ጧት ለትምህርት ደርሰዋል። ወደ ነበረበት መለስኩት። ሰዓቱንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም። ሲስተር እንደገና አዘዙ። ልጆቹ ወደ ዕድሜያቸው ተመለሱና ስማቸው አንድ በአንድ ከስክሪኑ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ፤ ዓይኔም ትንሽ እንባ አለው፤ ከእንቅልፍ ማጣት ነው ብላችሁ እለፉት።

ወረቀቱ ገና በፕሪንተሩ ሙቀት ሳለ ሲስተር ይዘውት ወደ ገበያው ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ። የሰሃላ ሰዎች ጨውና ጨርቃቸውን ጠቅልለው አህያ እየጫኑ ነበር። ሲስተር መሀላቸው ቆመው በኽምጣኛ ስም እየጠሩ ያስጠኗቸው ጀመር፤ አንዱ የወንድሙን ልጅ ስም ሲሰማ ጭነቱን ትቶ ቀረበ፤ ሌላይቱ የጎረቤቷን ተቀብላ ደገመችው። ገበያው ሲፈታ ስሞቹ በየአቅጣጫው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ሲስተርም ሳጥናቸውን ይዘው ተከተሉ። ሲመለሱ ጫማቸው አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ ያቺ ስምንት ዓመት የተባለችው ልጅ መርፌውን ስትወጋ ሰፈሩን በለቅሶ እንዳናጋችው ነገሩኝ። ለሲስተር ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም።

የመድረኩ ሰው ችግሩ ተፈትቶ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለኋለኞች እንዲጠቅም መፍትሔውን መጻፍ ልማዳቸው ነው። ጻፍኩ፦ «ቢልድ ስታደርጉ ቀኑን አስተካክሉ፤ ስትጨርሱ ወደ ስሕተቱ መልሱት።» እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም። ትክክለኛው መፍትሔ የልጆቹን ሁሉ ልደት አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጀምሬዋለሁም። እስኪያልቅ ድረስ ግን ሰርቨሩ በእኛ ዓመተ ምሕረት ይኖራል፤ በላዩም «ቀኑን አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ ጳጉሜን። ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ማለቱ አይቀርም። መብራት በጳጉሜን ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን እንዴት ሲያስተካክሉት እንደኖሩ ሲስተርን ጠየቅኋቸው።

«ጳጉሜንማ ምንም አልነካም» አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ ይህን ቃል ሰምቼ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።